እግሬ አያስተኛኝም፤ አራስነቱንም ፈርቻለሁ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ሁለተኛ ልጄን አርግዤ 33ኛ ሳምንት ላይ ነኝ። ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ወር አልፎኛል። ማታ ጋደም ስል እግሬን የሚወርረኝ ነገር አለ፤ ተነስቼ ካልተንጎራደድኩ አይለቀኝም። በግራ ጎንሽ ብቻ ተኚ ስለተባልኩ፣ ሌሊት በጀርባዬ ሆኜ ስነቃ ልጄን የጎዳሁት እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። የባለቤቴ እህት ለአለርጂ የሚሰጥ፣ ግን የሚያስተኛ ክኒን ሰጥታኝ ሁለት ሌሊት ወሰድኩ። እግሬ ጭራሽ ባሰበት። ደም ማነስ የለብሽም ተብያለሁ። ሰው ሁሉ ‹አሁን ተኝተሽ ጥገቢ፣ ከወለድሽ በኋላ አታገኚውም› ይለኛል። እውነትም እፈራለሁ። በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ እሱ ቢተኛም እኔ አልተኛም ነበር። ትንፋሹን እያዳመጥኩ፣ ልቤ እየመታ ሌሊቱን አነጋው ነበር፤ እስከ አራት ወሩ ድረስ። ሌላ ክኒን ቢያዙልኝስ?»

ክኒኑን አትለውጪ፤ አቁሚው። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

በጥያቄሽ ውስጥ ሦስት ጉዳዮች ተደባልቀዋል። አንዱ እግርሽ ነው። ስም ያለው፣ በደም ምርመራ የሚጣራ፣ አብዛኛውን ጊዜም መላ የሚገኝለት ችግር ነው። ሌላው አተኛኘትሽ ነው፤ እዚያ ላይ የተነገረሽ ግማሽ እውነት ነው። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ በጨረፍታ አንስተሽ አልፈሽዋል። ልጅ ተኝቶ እናት መተኛት ያቃታት ያ አራት ወር፣ ከጻፍሽው ሁሉ ለእኔ የሚከብደው እሱ ነው። ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ።

አተኛኘቱን ላስቀድም፤ አጭር ነው፣ ዛሬ ማታውኑም ያሳርፍሻል። ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ በጎን መተኛት ይመከራል። በጀርባ ሲተኛ የከበደው ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ቧንቧ ይጫናል። ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና የ5 ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ የመረመረ ትንተና፣ ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጀርባቸው ሆነው እንቅልፍ በጀመሩ እናቶች ላይ ፅንስ ሆድ ውስጥ የመሞቱ ዕድል ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ሲነበብ ያስፈራል። ግን መነሻው ዕድል ራሱ በጣም ትንሽ ነው፤ የትንሽ ነገር እጥፍም ትንሽ ነው። ከዚያው ትንተና የሚገኙ ሁለት ነገሮች ደግሞ በቀጥታ አንቺን ይመለከታሉ። በግራና በቀኝ ጎን መካከል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ «ግራ ብቻ» የሚለውን ተይው፤ ወገብሽን ሲያምሽ ወደ ቀኝ ዙሪ። ሌላው፣ የተጠናው እንቅልፍ የጀመሩበት አተኛኘት ነው። በጎንሽ ተኝተሽ ሌሊት በጀርባሽ ሆነሽ ከነቃሽ ያጠፋሽው ነገር የለም። ዞር በይና ተኚ። ከጀርባሽ አንድ ትራስ፣ በጉልበቶችሽ መካከል አንድ ትራስ አድርጊ። ለእርግዝና ተብሎ የሚሸጠው ረጅሙ ትራስ ምቾት አለው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

አሁን ወደ እግርሽ። ጋደም ሲሉ ይጀምራል፣ ማታ ይብሳል፣ ተነስተው ሲራመዱ ይለቃል፣ ተመልሰው ሲተኙ ይመለሳል። ይህ «እረፍት የለሽ እግር» የሚባለው ችግር መገለጫ ነው። በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ከ5 ነፍሰ ጡሮች አንዷን ያህል ይይዛል። ሆኖም ብዙዎቹ በክትትል ቀን አያነሱትም። ሕመም አይደለምና «እግሬን ይወርረኛል» ብሎ ለሐኪም መናገር ይከብዳል። ሌሎች ደግሞ የእርግዝና ወግ ነው ብለው ይሸከሙታል። ባት ድንገት ሲሸማቀቅ ከሚመጣው ሕመም የተለየ ነው። ያኛው ያነቃል፣ ጡንቻውን ድንጋይ ያደርጋል፣ ጣቶችን ወደ ራስ ሳብ አድርጎ ባትን ሲዘረጉት ይለቃል። ይሄኛው አያምም፤ ግን አያስቀምጥም።

ሥሩ አንጎል ውስጥ ነው። እንቅስቃሴን የሚቆጣጠረው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሠራ ብረት ያስፈልገዋል። በእርግዝና ጊዜ ፅንሱና የእንግዴ ልጁ ከእናት ክምችት ብዙ ብረት ይወስዳሉ። ሁለተኛ እርግዝና ሲሆን ደግሞ ክምችቱ ከመጀመሪያውኑ ሳይሞላ የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው። በቤተሰብ የሚወረስ ዝንባሌም አለ። እናትሽን ወይም እህትሽን ጠይቂ፤ «እኔም ነበረብኝ» ልትልሽ ትችላለች።

«ደም ማነስ የለብሽም» መባልሽ እዚህ ላይ አሳስቶሻል። ለደም ማነስ የሚታየው ሄሞግሎቢን ነው። ሄሞግሎቢን በእጅ ያለ ገንዘብ ነው፤ የብረት ክምችትሽን የሚያሳየው ፌሪቲን ደግሞ የባንክ ተቀማጭ። እጅ ላይ ያለው ሳይጎድል ተቀማጩ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የምትጠይቂው ምርመራ ፌሪቲን ነው፤ ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። ውጤቱ ሲመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ላብራቶሪዎች 20 እና 30ን «ኖርማል» ብለው ይጽፋሉ። እረፍት የለሽ እግር ላለባት ነፍሰ ጡር ግን ከ75 ማይክሮግራም በሊትር በታች ከሆነ ብረት መጨመር ይመከራል። ኢንፌክሽን ካለብሽ ፌሪቲን ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ካለሽ አብረሽ ተናገሪ።

ብረቱን ስትወስጂ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ቢያንስ በአንድ ሰዓት አርቂው፤ እነሱ ከአንጀት እንዳይገባ ያደርጉታል። ከብርቱካን ወይም ሌላ ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር ሲሆን ይሻላል። ሆድ ካደረቀሽ ወይም ካቅለሸለሸሽ ሐኪምሽን በአንድ ቀን ልዩነት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። በአፍ የሚወሰድ ብረት ክምችት ለመሙላት ሳምንታት ይፈልጋል፤ አንቺ የቀረሽ 7 ሳምንት ገደማ ነው። ፌሪቲንሽ በጣም ዝቅ ካለ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት እንዳለ እወቂ። ከ3ኛው ወር በኋላ መስጠት ይቻላል፣ ፈጥኖም ይሠራል፤ ክትትል ያለበት የጤና ተቋም ውስጥ ነው የሚሰጠው።

እስከዚያው ድረስ ማታ ባትሽን ዘርጊ፣ ይታሽልሽ፣ ከመተኛትሽ በፊት እግርሽን በሞቀ ውሃ ታጠቢ። አንዳንዷን ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚረዳት፤ ሁለቱንም ሞክሪ። ቀን መራመድ ጥሩ ነው፤ ከመኝታ በፊት ከባድ እንቅስቃሴ ግን ያባብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ችግር ከወሊድ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ማስጠንቀቂያዬ አንድ ነው። አንደኛው እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባትሽን ካመመሽ ይህ ሌላ ነገር ነው። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ክኒኑ ለምን እንዳባሰው አሁን ይገባሻል። የሚያስተኙ የአለርጂ ክኒኖች ዶፓሚን የሚሠራበትን መስመር ሳይነኩ አይቀሩም፤ እረፍት የለሽ እግርን በግልጽ ያባብሳሉ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጡት ሜቶክሎፕራማይድና ፕሮሜታዚንም እንዲሁ ናቸው። ከእነሱ አንዱን የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ። የቤተሰብሽ ሰው በቅንነት ነው የሰጠችሽ። ለሌላ ነፍሰ ጡር ሐኪም ሊያዝላት የሚችል ዓይነት ክኒን ነው፤ ለአንቺ ግን ከሁሉም የባሰ ምርጫ ነበር። የሁለት ሌሊቱ ክኒን ልጅሽን ጎድቶ ይሆን ብለሽ እንዳትጨነቂ። ብቻ የክኒኑን ስም ጽፈሽ ለአዋላጅሽ አሳያት።

ስለ ሌሎቹም ስለጠየቅሽ በአጭሩ። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች ወደ ወሊድ ሲጠጋ ከተወሰዱ ሕፃኑ ሲወለድ እንዲዝል፣ በደንብ እንዳይተነፍስና እንዳይጠባ ሊያደርጉ ይችላሉ። ሜላቶኒን «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ ይሸጣል፤ የእንግዴ ልጅን አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፣ በእርግዝና ጊዜ ደህንነቱ ተጣርቶ አልተረጋገጠም። «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚለውም ለነፍሰ ጡር ዋስትና አይሆንም። ይህን ስል ነፍሰ ጡር ፈጽሞ መድኃኒት አትወስድም ማለቴ አይደለም። የእንቅልፍ ማጣቱ ከከባድ ድባቴ ወይም ከሌላ የአእምሮ ሕመም ጋር ሲመጣ፣ መታከም ካለመታከም የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። በሐኪም ታዞላት የምትወስድ እናት ይህን አንብባ በራሷ እንዳታቆም። ውሳኔው ጉዳትና ጥቅሙን ከሚመዝን ሐኪም ጋር ነው እንጂ ከዘመድ መድኃኒት ሳጥን አይደለም።

ሌሎቹን ቀስቃሾች ቶሎ ልለፋቸው። ለሽንት መነሳት በዚህ ወር የሚጠበቅ ነው። ውሃሽን ቀን ላይ ጠጪ፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ቀንሺ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ራስሽን አታስጠሚ። ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ተመርመሪ። ቃር ካለሽ እራትሽን ከመኝታ 3 ሰዓት ቀድመሽ ብዪ፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጊ። ለቃር ከቀኝ ይልቅ ግራ ጎን ይሻላል፤ ግራን የምመክርሽ ለዚህ ብቻ ነው። ቡና፣ ሻይ፣ ኮላ ሁሉም ካፌይን አላቸው። በእርግዝና በቀን ከ200 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ሰዓቱን ነው። ካፌይን በወትሮው በ5 ሰዓት ገደማ ግማሹ ከሰውነት ይወጣል። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ይህ ከ10 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። የቀትር ቡናሽ እኩለ ሌሊት ላይም አብሮሽ ነው ማለት ነው። ጠዋት አንድ ጠጪና በዚያው ይብቃሽ። ካፌይን እግርሽንም ሊያባብስ ይችላል።

ሦስት ነገሮችን ግን የእርግዝና ነው ብለሽ እንዳታልፊያቸው። አዲስ የመጣ ኃይለኛ ማንኮራፋት፣ በተለይ ትንፋሽሽ እየተቋረጠ የሚያባንንሽ ከሆነ፣ ከደም ግፊትና ከእርግዝና ስኳር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይመርመር። ሽፍታ ሳይኖር ማታ ማታ መዳፍና የእግር መርገጫ የሚያሳክክ ከሆነ ከጉበት የሚመጣ የእርግዝና ችግር ሊሆን ይችላል። ለፅንሱ አደጋ አለውና ያለ ቀጠሮ ሄደሽ ደም ስጪ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ደግሞ አድሪ አልልሽም። በዚያው ሰዓት ተነሽ።

እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው እንኳ እንቅልፍ እምቢ ሊል ይችላል። ለአንድ ወር ያልተኛ ሰው አልጋውን ራሱ መፍራት ይጀምራል። መኝታ ቤት ሲገባ ይነቃል። ለዚህ ከመድኃኒት የሚሻል፣ በነፍሰ ጡሮች ላይም ተሞክሮ የሠራ ሕክምና አለ፤ የእንቅልፍን ልማድና ሐሳብን የሚያርም የንግግር ሕክምና ነው። የሚሰጠው ባለሙያ ካገኘሽ ጥሩ። ካላገኘሽ ዋና ዋናውን ራስሽ ጀምሪ። እንቅልፍሽ ሳይመጣ አልጋ ላይ አትውጪ። 20 ደቂቃ ያህል ካላሸለበሽ ተነሽ፣ ደብዘዝ ባለ መብራት ሌላ ቦታ ቁጭ በይ፣ ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ። ሰዓት አትዪ፤ ስልኩን አርቂው። ሌሊቱ ምንም ቢሆን ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሽ፣ ፀሐይ ላይ ውጪ። የቀን እንቅልፍ አልከለክልሽም። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ሕክምናው ለሌሎች የአልጋ ሰዓትን መቀነስንም ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ግን ከ6 ሰዓት በታች ማውረድ የለባትም። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም ያለባት ሴት ደግሞ ያለ ሐኪም ጨርሶ አትሞክረው።

«አሁን ተኝተሽ ጥገቢ» ለሚሉሽ፦ ለወራት የሚቀመጥ እንቅልፍ የለም። ንግግሩ ጥቅም የለውም፣ ጭንቀት ግን ይጨምራል። አልጋ ላይ ሆነሽ «ይህ የመጨረሻ ዕድሌ ነው» እያልሽ የምትተኚው እንቅልፍ አይመጣም። ከወሊድ በፊት ማጠራቀም የምትችይው እንቅልፍ ሳይሆን ሰው ነው። ማን ሌሊት እንደሚነሳ አሁን መወሰን ይቻላል፤ ይህንን ደግሞ ሁሉም «በኋላ እናየዋለን» ብሎ ያልፈዋል።

ከወሊድ በኋላ የሚሆነውን ላስረዳሽ። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በእርግዝናው ሁሉ ከፍ ብለው የቆዩት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ፕሮጄስትሮን የማስተኛት ጠባይ ስላለው፣ መውረዱ ብቻውን እንቅልፍን ያሳሳል። ሕፃኑ በበኩሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ ግን ቆራርጦ ነው፣ ሌሊትና ቀንን አይለይም። መለየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ነው። ቀን መጋረጃ ክፈቺ፣ አጫውቺው። ሌሊት መብራት ደብዘዝ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጊ። ያግዛል፤ ተአምር ግን አይሠራም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባቱ የተፈጥሮ ነው፤ ወተትሽ ስለማይበቃው አይደለም። «ማታ የዱቄት ወተት ስጪው፣ ትተኛላችሁ» የሚለውንም ብዙ አትመኚ። ጡት የሚያጠቡ እናቶች ከማያጠቡት ያነሰ እንደሚተኙ ጥናቶች አላሳዩም። ወተቱን ለመበጥበጥም እኮ መነሳት አለ።

«ሕፃኑ ሲተኛ ተኚ» የሚለው ምክር ቅን ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በ40 ደቂቃ ቁርጥራጭ ሰው አይጠግብም። ጥልቁ እንቅልፍ እንዲሟላ፣ ስሜትም እንዳይናጋ የሚያስፈልገው ያልተቋረጠ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ነው። የምመክርሽ ዕቅድ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። በየሌሊቱ አንድ የማይነካ የእንቅልፍ ጊዜ ይኑርሽ። ለምሳሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሕፃኑ የባለቤትሽ ወይም የእናትሽ ነው። ከዚያ እስከ ንጋት የአንቺ ነው። 3 ሰዓት ላይ አጥብተሽ በሌላ ክፍል፣ በር ተዘግቶ፣ ብትፈልጊ ጆሮሽን ደፍነሽ ትተኛለሽ። ጡት ማጥባቱ ከተስተካከለ፣ ማለትም ከ3 እና ከ4 ሳምንት በኋላ፣ መሀል ላይ ያለውን አንድ ጊዜ አስቀድሞ በታለበ ወተት መሸፈን ይቻላል። ከዚያ በፊት፣ በተለይ ሕፃኑ የተወለደበትን ክብደት መልሶ እስኪያገኝ፣ መጥባት ሲገባው መጥባት አለበት። ያኔ ዕቅዱ ይለወጣል። ሕፃኑን ያመጡልሻል፣ ጋደም ብለሽ ታጠቢያለሽ፣ ወዲያው ይወስዱታል። ዳይፐር፣ ማስገሳት፣ ማባበል፣ ማስተኛት የሌላው ሰው ሥራ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ «እሱ ጠዋት ሥራ ስላለው ይተኛ» ይባላል። አራስም እኮ ሥራ ላይ ናት፤ ያውም ደም እየፈሰሳት፣ ቁስሏ እየሻረ።

ስትደክሚ የሚመጣ አንድ አደጋ አለ። ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ላይ ወይም ወንበር ላይ እንቅልፍ መውሰድ ለሕፃኑ እጅግ አደገኛ ነው። ሕፃኑ በጀርባው፣ ጠንካራና ዝርግ በሆነ የራሱ መኝታ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ለስላሳ ብርድ ልብስ ይተኛ። ቢያንስ እስከ 6 ወሩ ማታ የሚጠብቀው ሰው ካለበት ክፍል አይለይ። የሚያፈዝ መድኃኒት ከወሰድሽ፣ አልኮል ከጠጣሽ፣ ከናንተ አንዳችሁ ካጨሳችሁ፣ ወይም ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ከተወለደ በአንድ አልጋ አብራችሁ አትተኙ። ይህን አንብባ ለምትጨነቅ እናት ደግሞ፦ ሊወስድሽ እንደሆነ ከተሰማሽ፣ ከሶፋው ይልቅ ትራስና ብርድ ልብስ የተነሳለት አልጋ ላይ ማጥባት ይሻላል። ስትነቂ ወደ መኝታው መልሺው።

አሁን ወደዚያ አራት ወር። ዕንቅልፍ ያጣች አራስ ዕድል ስታገኝ ትወድቃለች። ዕድሉ እያለ፣ ልጅ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ዓይኗ የማይከደን፣ ልቧ የሚመታ፣ ትንፋሽ ስታዳምጥ የምታነጋ እናት ደክሟት ብቻ አይደለም። ከሩቅ ሆኜ በሽታሽን ልሰይም አልችልም። ግን የድህረ ወሊድ ጭንቀትና ድባቴ ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ ነው የሚጀምረው። ለቅሶና ሐዘን ሳይኖርም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው «አራስ ሁሉ እንዲህ ናት» ተብሎ የሚታለፈው። ከወለዱ ከ3ኛው ቀን ገደማ የሚመጣ ሆድ ባሻነት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ያለፈ ሁሉ ሊታይ ይገባዋል፤ ያንቺ አራት ወር ነው የቆየው። ከወለዱ ከ10 እናቶች ቢያንስ አንዷን ድባቴ ያገኛታል። አንዴ የገጠማት ደግሞ በቀጣዩ ወሊድ የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። የእናትነት ጉድለት አይደለም፤ ማንም ቢልሽ አትስሚው።

ሌላም የሚጣራ ነገር አለ። ከ100 እናቶች 5 ያህሉ ከወለዱ በኋላ ባለው ዓመት አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መቆጣት ይገጥማቸዋል። መጀመሪያ ላይ የልብ ምት መፍጠን፣ ሙቀት፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ በኋላ ድካምና መፍዘዝ ይተካል። በዚያን ጊዜ ሰው ታይሮይድሽን ስለማየቱ አልነገርሽኝም። በዚህኛው ግን ልብሽ መምታት ከጀመረ የደም ምርመራው ቀላል ነው፤ ድባቴ ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ይታይ።

ቁርጥ ያለው ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት፣ የቀጠሮ ቀንሽን ሳትጠብቂ፣ ከባለቤትሽ ጋር ወደ ክትትልሽ ሂጂ። ሁለት ነገር ትናገሪያለሽ። «ማታ እግሬ አያስተኛኝም፣ ፌሪቲኔን እዩልኝ» እና «በመጀመሪያ ልጄ ጊዜ ልጁ ተኝቶ እኔ ለአራት ወር አልተኛሁም፤ እንዳይደገም እፈልጋለሁ»። ሁለተኛው በካርድሽ ላይ ይጻፍ። ድባቴን ለመለየት የሚረዳ፣ ኤድንብራ የሚባል 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ነው፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። አሁን ሙዪው፣ ከወለድሽ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ድገሚው። የምክር ሕክምና በእርግዝናው ሳለሽ መጀመር ድባቴው እንዳይመጣ እንደሚረዳ በጥናት ታይቷል፤ ስለዚህ እስኪመጣ አትጠብቂ። መድኃኒት ቢያስፈልግሽም ጡት ማጥባት አያግድሽም። ሰርትራሊንን የመሰሉ የድባቴ መድኃኒቶች ወደ ወተት የሚያልፉት በጣም በጥቂቱ ነው። «ታገሺ፣ ያልፋል» ብሎ የሚመልስሽ ባለሙያ ካጋጠመሽ ሌላ ባለሙያ ጋ ሂጂ።

ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ከ1,000 ወሊዶች በ1 ወይም በ2 የሚከሰት ከባድ የአእምሮ ሕመም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። እናትየዋ ሳትተኛ ትውላለች ታድራለች፣ ድካም ግን አይሰማትም። ንግግሯ ይፈጥናል፣ ሐሳቧ ይዘባረቃል፣ የሌለ ነገር ትሰማለች ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ እምነት ይይዛታል። ባይፖላር ባለባት ሴት ወይም በቅርብ ቤተሰቧ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ ዕድሉ ይጨምራል። በጻፍሽው ውስጥ ይህን የሚያመለክት ነገር አላየሁም። ሆኖም ሕመምተኛዋ ራሷ ብዙ ጊዜ እንደታመመች አታውቅም፤ ማወቅ ያለበት አጠገቧ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ካየ፣ ወይም ራስሽን አልያም ሕፃኑን ስለመጉዳት ካወራሽ፣ ብቻሽን አይተውሽ፣ ሕፃኑንም ብቻውን አንቺ ዘንድ አይተወው፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰድሽ። ይህን አንቀጽ እሱ ያንብበው።